«ላይክ» ወይስ «አዝ»? አማርኛው «እንደ» ሲል እንግሊዝኛው የቱን ይመርጣል?

ከሥራ ማመልከቻ ውስጥ የማይጠፋ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «አይ ወርክድ ላይክ ኤን አካውንታንት»። አመልካቹ ሊል የፈለገው «የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሠርቻለሁ» ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቀጣሪ ግን የሚረዳው «የሒሳብ ሠራተኛስ አልነበርኩም፤ አሠራሬ ግን የእነሱን ይመስል ነበር» ብሎ ነው። ሰዋስው አልተጣሰም፤ የፊደል ግድፈትም የለም። አንዲት ቃል ብቻ የሰውየውን የሥራ ልምድ ይዛበት ሄደች። «ላይክ» ወጥታ «አዝ» ብትገባ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል።

ሁለቱን የምናምታታው ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። አማርኛ ለሁለቱም «እንደ» ስለሚል ነው። «እንደ አባቱ ኃይለኛ ነው»፣ «እንደነገርኩህ ነገ እንሄዳለን»፣ «እንደ መምህር ልምከርህ»፣ «እንደ ሐዋሳ ያሉ ከተሞች»። አራቱም ላይ ያው «እንደ» ተቀምጧል። እንግሊዝኛው ግን የመጀመሪያውን ለ«ላይክ» ይሰጣል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለ«አዝ»፤ አራተኛውን ደግሞ ለሁለቱም ያካፍላል።

ትምህርት ቤት የሚሰጠን ሕግ «ላይክ ከስም በፊት፣ አዝ ከሙሉ ዓረፍተ ነገር በፊት» የሚል ነው። ሕጉ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን በጣም በሚያስፈልገን ቦታ ላይ ጥሎን ይጠፋል። «አዝ ኤን አካውንታንት» ስንል ከ«አዝ» ቀጥሎ የመጣው ስም ብቻ ነው። በትምህርት ቤቱ ሕግ ከሄድን «ላይክ» ማለት ነበረብን፤ ማመልከቻውም የተበላሸው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ከእንግሊዝኛው ሰዋስው ይልቅ የራሳችንን አማርኛ መጠየቅ ነው። «እንደ» አንድ ቢሆንም ሥራው አንድ አለመሆኑን አማርኛው ራሱ ያሳብቃል።

«ነት» ከገባ «አዝ» ነው

«እንደ» ያላችሁበትን ቦታ በ«በ…ነት» ለመተካት ሞክሩ። «እንደ ሹፌር ይሠራል» ስትሉ ልባችሁ ውስጥ ያለው «በሹፌርነት ይሠራል» ከሆነ እንግሊዝኛው «ሂ ወርክስ አዝ ኤ ድራይቨር» ነው። «በምስክርነት ቀረበች»፣ «በማስረጃነት አያያዙት»፣ «በአስተርጓሚነት ተቀጠረ»፦ ሁሉም «አዝ» ናቸው። ሰውየው ወይም ዕቃው ያን ቦታ ይዟል፣ ያን ሥራ ይሠራል።

አሁን ደግሞ «እንደ አንበሳ ተዋጋ» የሚለውን ውሰዱ። «በአንበሳነት ተዋጋ» የሚል አማርኛ የለም፤ ጆሮ ወዲያው ይመልሰዋል። ሰውየው አንበሳ አልሆነም፤ መሰለ እንጂ። ስለዚህ «ሂ ፎት ላይክ ኤ ላየን»። «እንደ ወፍ ዘመረች» ብላችሁ ፈትኑት፤ በ«ወፍነት» የዘመረ ሰው አታገኙም።

የ«ነት» ወንድሞችም አሉ፦ «ሆኖ»፣ «አድርጎ»፣ «ተብሎ»። «ሊቀ መንበር ሆኖ አገለገለ»፣ «ጓደኛው አድርጎ ያየዋል»፣ «ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ»። እነዚህ በመጡበት ሁሉ «አዝ» አይከፋም። «ኖውን አዝ»፣ «ሲን አዝ»፣ «ዲስክራይብድ አዝ» የሚባሉትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ እኛ «በመባል የሚታወቅ» የምንለው ነው። «ኖውን ላይክ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሸገር በመባል የምትታወቀው ከተማ» ለማለት ፈልጎ «ሸገርን ያህል የምትታወቅ» የሚመስል ግራ የሚያጋባ ነገር ጽፏል። በነገራችን ላይ «ኮንሲደር» የሚለው ግሥ ብቻውን ይበቃዋል፤ «አይ ኮንሲደር ሂም ኤ ፍሬንድ» ብሎ ያለ «አዝ» መሄድ ይመረጣል።

አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ ላንሳ። መዶሻ ስታጡ በጫማችሁ ሚስማር መታችሁ እንበል። ጫማው መዶሻ አይደለም፤ ታዲያ «ላይክ» ሊባል ነው? አይደለም። «ጫማዬን በመዶሻነት ተጠቀምኩበት» ማለት ስለሚቻል «አይ ዩዝድ ማይ ሹ አዝ ኤ ሃመር» ነው። ዋናው ጥያቄ «እውነተኛ መዶሻ ነው ወይ?» ሳይሆን «የመዶሻን ሥራ ሠርቷል ወይ?» የሚለው ነው። «ዩዝ» የሚለው ግሥ ካለ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ «አዝ» በሉ።

«እንደ» ከግሥ ላይ ከተለጠፈ

ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ይቀላል። አማርኛ «እንደ»ን ከግሥ ጋር አጣብቆ ይጽፋል፦ «እንደነገርኩህ»፣ «እንደምታውቂው»፣ «እንደጠበቅነው»፣ «እንደሰማሁት»። እንዲህ ከሆነ «አዝ» ነው፦ «አዝ አይ ቶልድ ዩ»፣ «አዝ ዩ ኖው»፣ «አዝ ዊ ኤክስፔክትድ»። ከስም ጋር ሆኖ «ነት» የማይቀበል ከሆነ ደግሞ «ላይክ» ነው። በቃ፤ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ይህ ይሸፍናል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ይህን ሕግ ሁልጊዜ ያከብራሉ ማለት ግን አይደለም። ታዋቂው ጠብ የተነሣው በሲጋራ ምክንያት ነው። የአሜሪካው የትምባሆ ኩባንያ አር ጄ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1954 ዊንስተን የተባለውን ሲጋራ ገበያ ላይ ሲያወጣ ማስታወቂያው «ዊንስተን ቴስትስ ጉድ ላይክ ኤ ሲጋሬት ሹድ» ይል ነበር፤ «ዊንስተን ይጣፍጣል፣ ሲጋራ መጣፈጥ እንዳለበት» እንደማለት። በመጨረሻው ላይ «ሹድ» የሚል ግሥ አለ፤ እንግዲያው በሕጉ «አዝ» መሆን ነበረበት። የሰዋስው ሰዎች ተቆጡ፣ ጋዜጦች ተቹ። ኩባንያው ግን አላፈረም። ጭራሽ በኋላ በሠራው ማስታወቂያ «የቱን ትፈልጋላችሁ፣ ጥሩ ሰዋስው ወይስ ጥሩ ጣዕም?» እያለ ተሳለቀ። ሲጋራው ተሸጠ፤ «ላይክ»ም ከግሥ በፊት መነገሩን ቀጠለ።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ «ላይክ አይ ሴድ» የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮ ውስጥም፣ ቴሌቪዥን ላይም ትሰሙታላችሁ፤ ሲነገር ማንም አያርማችሁም። በጽሑፍ ግን፣ በተለይ በአይኤልትስ ድርሰት፣ በመመረቂያ ጽሑፍና በሕግ ሰነድ ላይ «አዝ አይ ሴድ» ጻፉ። የአይኤልትስ ድርሰት ከሚመዘንባቸው አራት መስፈርቶች አንዱ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት ነው፤ በነፃ ነጥብ የሚጥል ሰው የለም። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ስሕተት እንዳለ ልብ በሉ። «ላይክ አይ ሴድ» ቢበዛ የወግ ጉድለት ነው፤ ትርጉሙ አይለወጥም። «ላይክ ኤን አካውንታንት» ግን ትርጉም ይለውጣል። አብዝታችሁ መጠንቀቅ ያለባችሁ ሁለተኛውን ነው። መምህራኖቻችን ግን ብዙ ቀይ እስክሪብቶ የጨረሱት በመጀመሪያው ላይ ይመስለኛል።

ጀርመን አገር ወይም እስራኤል የምትኖሩ ለግማሹ ነገር ዕድለኞች ናችሁ። ጀርመንኛ «በሹፌርነት» ሲል «አልስ»፣ «እንደ ሹፌር» ሲል «ቪ» ይላል። ዕብራይስጥም ለመጀመሪያው «በቶር»፣ ለሁለተኛው «ክሞ» አለው። ስለዚህ «ነት» በሚገባበት ቦታ አትሳሳቱም። ችግሩ ከግሥ በፊት ነው፤ እዚያ ጀርመንኛም «ቪ»፣ ዕብራይስጥም «ክሞ» ስለሚል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ምላስ በራሱ ወደ «ላይክ» ያደላል።

ሯጮቻችን ሲያስረዱ

ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበርና ደብተሩን ይዞ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ዓለም ካወቀው በኋላም ሲሮጥ ግራ ክንዱ መታጠፉ አልቀረም፤ ደብተር የያዘ ይመስል። ይህን አንድ ታሪክ በእንግሊዝኛ ለመንገር የሁለቱን ቃላት ልዩነት ከነቅርንጫፉ ማወቅ ይጠይቃል።

መጀመሪያ «በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ነበር»። «ነት» አለች፤ ስለዚህ «አዝ ኤ ቦይ፣ ኃይሌ ራን ቱ ስኩል»። «ላይክ ኤ ቦይ» ካላችሁ ጎልማሳው ኃይሌ እንደ ሕፃን እየቦረቀ ትምህርት ቤት ሄደ ብላችኋል።

ቀጥሎ ክንዱ። «ደብተር የያዘ ይመስል» ለማለት «አዝ ኢፍ» ያስፈልጋል፦ «ሂ ራን አዝ ኢፍ ሂ ወር ካሪዪንግ ቡክስ»። አማርኛው «የ…ይመስል» ሲል ወይም «እንደ…ሁሉ» ሲል፣ ነገሩም እውነት አለመሆኑ ሲታወቅ፣ እንግሊዝኛው «አዝ ኢፍ» ወይም «አዝ ዞው» ብሎ ግሡን ወደ ኋላ ጊዜ ይጎትተዋል። አሁንም እየሮጠ ቢሆን እንኳ «ወር» ነው። በንግግር «ላይክ ሂ ወዝ ካሪዪንግ ቡክስ» የሚል ሞልቷል፤ በጽሑፍ ግን የመጀመሪያውን ያዙ። ከዚያ ይልቅ ግሡን አስወጥታችሁ ስም ብቻ ብታስቀሩ «ላይክ» በሙሉ መብቷ ትገባለች፦ «ሂ ራን ላይክ ኤ ስኩልቦይ»፣ «እንደ ተማሪ ልጅ ሮጠ»።

አሁን ቀነኒሳ በቀለን እንጨምር። ቀነኒሳ እንደ ደራርቱ ቱሉ በቆጂ ነው የተወለደው። «እንደ ደራርቱ» ስም ነው፤ «በደራርቱነት» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «ላይክ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ ወዝ ቦርን ኢን በቆጂ»። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስና በ2008 በቤጂንግ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ ኃይሌ በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ እንዳደረገው። «እንዳደረገው» ላይ ግሥ አለ፤ «አዝ ኃይሌ ሃድ ዳን» ይሆናል። ያንኑ ሐሳብ በ«ላይክ» ማለት ይቻላል፤ ግሡን አውጡና «ላይክ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ ወን ትዋይስ» በሉ። ያው ነገር በሁለት በር ይገባል ማለት ነው፤ የቱን በር እንደምትመርጡ የሚወስነው ግሥ መያዝ አለመያዛችሁ ነው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ጸሐፊዎችን ሳይቀር የሚጥል ጉድጓድ አለ። «ላይክ ኃይሌ፣ ቀነኒሳስ ሆምታውን ኢዝ ኢን አርሲ» የሚለውን አስተውሉ። «እንደ ኃይሌ የቀነኒሳ የትውልድ ከተማ አርሲ ውስጥ ነው» እንደማለት ነው፤ ሰውን ከከተማ ጋር አወዳደረ። «ላይክ» ግራና ቀኟ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ትፈልጋለች፦ ሰው ከሰው፣ ከተማ ከከተማ። «ላይክ ኃይሌስ» ብላችሁ ባለቤትነቱን ካስገባችሁ፣ «እንደ ኃይሌ ከተማ ሁሉ የቀነኒሳም» እንደማለት፣ ዳነ። በጂማት፣ ማለትም በቢዝነስ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ የዓረፍተ ነገር ማረሚያው ክፍል ሳይቀር በፊት ይህች ወጥመድ ትወደድ ነበር።

ሁለቱም ትክክል ሆነው ትርጉም የሚለያዩበት

«ሂ ስፖክ ቱ ሚ አዝ ኤ ፋዘር» እና «ሂ ስፖክ ቱ ሚ ላይክ ኤ ፋዘር»። የመጀመሪያው ተናጋሪ አባት ነው፤ በአባትነቱ ተናገረ። ሁለተኛው አባቴ አይደለም፤ አነጋገሩ ግን አባታዊ ነበር፣ ምናልባት አሠሪዬ ወይም ጎረቤቴ ነው። ሰዋስው ሁለቱንም ያሳልፋል፤ የሚፈርደው እውነታው ነው።

ይህ ልዩነት ከፈተና ወረቀት ወጥቶ ሰው ሕይወት ውስጥ የሚገባው የኢሚግሬሽን ቅጽ ሲሞላና ቃለ መጠይቅ ሲደረግ ነው። «ጥበቃ ሆኜ ሠርቻለሁ» ለማለት «አይ ወርክድ ላይክ ኤ ጋርድ» ያለ ሰው በኋላ ሌላ ወረቀት ላይ «ሴኩሪቲ ጋርድ» ብሎ ከጻፈ፣ ቃሉ ከቃሉ የተጋጨ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ አለ። እኛ አብሮ አደግንም የአክስት ልጅንም «ወንድሜ» እንላለን፤ ቅጹ ግን የሚጠይቀው የእናት ወይም የአባት ልጅን ነው። የሥጋ ወንድማችሁ ካልሆነ «ሂ ኢዝ ላይክ ኤ ብራዘር ቱ ሚ» ነው የሚባለው። እዚህ «ላይክ»ን መዝለል ያልተወለደ ወንድም በሰነድ መውለድ ነው።

«ትሪት» ከሚለው ግሥ ጋር ግን ልዩነቱ ይሳሳል። «ዘይ ትሪትድ ሚ ላይክ ኤ ክሪሚናል» እና «አዝ ኤ ክሪሚናል» ሁለቱም ይባላሉ። ወንጀለኛ አለመሆናችሁን ለማጉላት ከፈለጋችሁ «ላይክ» ይሻላል፤ በደሉን ያወጣዋል። «አዝ» ስትሉ ይበልጥ ደረቅና መዝገብ መዝገብ የሚሸት ነገር ይሆናል።

እኩልነት ሲሆን

«እንደ ወንድሙ ይረዝማል» ስንል ሁለት ነገር ልንል እንችላለን። ቁመታቸው እኩል ከሆነ፣ «የወንድሙን ያህል» ብለን መተካት ከቻልን፣ «ሂ ኢዝ አዝ ቶል አዝ ሂዝ ብራዘር» ነው፤ «አዝ» ከፊትም ከኋላም ይመጣል። «ሂ ኢዝ ቶል ላይክ ሂዝ ብራዘር» ካልን ደግሞ ሁለቱም ረጃጅሞች ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን በአንድ ክንድ ሊበልጠው ይችላል። «ያህል» ከገባ ሁለት «አዝ»፤ ይህን በቃል ያዙት። «አዝ ቶል ላይክ» የሚል ድብልቅ ግን በየትኛውም እንግሊዝኛ የለም።

ምሳሌ ስንዘረዝር «እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያሉ ከተሞች» የምንለው በመደበኛ ጽሑፍ «ሲቲስ ሳች አዝ ባሕር ዳር ኤንድ ሐዋሳ» ይሆናል። «ሲቲስ ላይክ ባሕር ዳር» ማለትም ይቻላል፤ ግን ጥንቁቅ አንባቢ «ባሕር ዳርን የሚመስሉ፣ ባሕር ዳር ራሷ የሌለችበት» ብሎ ሊያነብበው ይችላል። ውል ወይም ደንብ ስትጽፉ «ሳች አዝ» ይሁን፤ በወሬ ላይ አትጨነቁ።

«አዝ ዩዥዋል»፣ «አዝ ዌል»፣ «አዝ ኤ ሪዛልት»፣ «አዝ ሱን አዝ»፣ «አዝ ፋር አዝ አይ ኖው» የሚባሉት ደርቀው የቀሩ ሐረጎች ናቸው፤ እንደ ስልክ ቁጥር ይጠኑ። «አዝ» ብቻዋን «ሲወጣ» ወይም «ስለመሸ» ለማለትም ትገባለች፤ እሱ ከመመሳሰል ጋር ስለማይገናኝ እዚህ አንገባበትም። «አላይክ» ደግሞ ከስም በፊት አትቆምም። «ዘ ትዊንስ ሉክ አላይክ» ይባላል፤ «አላይክ ትዊንስ» አይባልም።

«ምን ይመስላል?» ስትጠየቁ

እዚህ የምንሳሳተው በ«አዝ» ሳይሆን በ«ላይክ» እና በ«ሃው» መካከል ነው፤ ግን ጉዳዩ ያው መመሳሰል ስለሆነ አላልፈውም። አዲስ አለቃ መጣላችሁ እንበል። «ሃው ኢዝ ሂ?» ብሎ የጠየቀ «ደኅና ነው ወይ?» ብሏል፤ መልሱ «ደኅና ነው» ወይም «አሞታል» ነው። «ዋት ዳዝ ሂ ሉክ ላይክ?» መልኩን ነው የሚጠይቀው፤ ረጅም ነው፣ ጺም አለው። «ዋት ኢዝ ሂ ላይክ?» ግን ጠባዩን ነው፤ «ምን ዓይነት ሰው ነው?» እንደምንለው፣ ቁጡ ነው ወይስ ገር። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ሲሰማ «ምን ይወዳል?» የተባለ መስሎት «ቡና ይወዳል» ብሎ ይመልሳል። «ምን ይወዳል?» ለማለት «ዳዝ» ያስፈልጋል፦ «ዋት ዳዝ ሂ ላይክ?»። በ«ኢዝ» እና በ«ዳዝ» መካከል ያለችውን ነገር በጆሮ መያዝ ነው፤ እንግሊዞቹ በፍጥነት ሲናገሩ ደግሞ «ኢዝ» ተውጣ «ስ» ብቻ ትቀራለች።

«ኢት ሉክስ ላይክ ሬይን» (ዝናብ የመጣ ይመስላል) ስም ስላለው ምንም ጥያቄ የለውም። «ኢት ሉክስ ላይክ ኢትስ ጎዪንግ ቱ ሬይን» ግሥ ቢኖረውም በየቤቱ ይነገራል፤ ለፈተና ድርሰት ብቻ «ሉክስ አዝ ኢፍ» አድርጉት።

ማመልከቻ ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የኮምፒውተሩ አራሚ ያድነኛል ብላችሁ አትተማመኑ። «አይ ወርክድ ላይክ ኤን አካውንታንት» በሰዋስው ረገድ ጤነኛ ስለሆነ እንዲህ ዓይነቱን ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል፤ ሰውየው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር አልነበረም ማሽኑ በምን ያውቃል? ይልቅ በፍለጋው ሳጥን «ላይክ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉና ያለበትን ቦታ ሁሉ አውጡ። እያንዳንዱ ጋ ስትደርሱ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አንድ ጊዜ ተናገሩት፤ አፋችሁ «በ…ነት» ወይም «ሆኜ» ካለ ቀይሩት፣ ግሥ ላይ ከተለጠፈም ቀይሩት፣ የቀረውን ተዉት።